ቅቤ የሸፈነው ስንጥቅ

ዋሴ ገብሬ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ስማዳ ገባ። ከእነሱ ቤት ሦስት ልጆች ተኝተው ዋሴ ብቻ ተነሣ። እናቱ በኮባ ቅጠል ላይ አስተኝታ፣ አጥሚት በጠብታ እያጎረሰች አተረፈችው። ፊቱ ግን እንደ ተወቀረ ወፍጮ ሆኖ ቀረ። ፈጣሪ መልክ ቢነሣው ባለ እጅ አደረገው፤ ሞፈር ሲጠርብ፣ ቀንበር ሲያበጅ፣ ከወገዳ ገበያ ድረስ የሚፈለግ ሰው ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ግን በገና ጨዋታ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ አዝመራ ተሰብስቦ ማሳው ሲራቆት፣ እነ ዋሴ ያሉበት የላይ አጥቢያ ጎበዞች ከኅዳር መጨረሻ እስከ ገና በየእሑዱ ከጎረቤት አጥቢያዎች ጋር ይጋጠሙ ነበር። የገና ዕለቱ ባላጋራ የታች አጥቢያ ነበር። ሩር የሚባለውን ድቡልቡል እንጨት በቆልማማ ዱላ እየመቱ የባላጋራን ወሰን ማሻገር ነው ጨዋታው። የላዮቹን ዱላ ሁሉ የሚሠራው ዋሴ፣ ሩሩን የሚያሻግረውም ዋሴ ነበር። ሰባት ዓመት እንዲሁ ሆነ።

በስምንተኛው ዓመት ታከለ የሚባል ግራኝ ጎልማሳ ከእስቴ መጥቶ ላይ አጥቢያ አገባ። በመጀመሪያው እሑድ ከላዮቹ ጋር ተሰልፎ ሩሩን ሦስት ጊዜ አሻገረ፤ በሁለተኛው አራት ጊዜ። ሴቶቹ እልል አሉ። የዋሴ ሚስት ማሬም አብራ እልል አለች።

«ለእስቴው ጉሮሮሽ እስኪነቃ እልል አልሽለት!» አላት ቤት ሲገቡ።

«ላንተስ መች ተውኩ?»

«መቼ አልሽ?»

«አምና ነዋ!» ብላ ሳቀች።

ዋሴ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ጠባሳ የሌለበትን የታከለን ፊት ባየ ቁጥር ዘወር ብሎ ይሄድ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ላዮቹ ሲያሸንፉ፣ ምነው በተሸነፍን ብሎ ተመኘ።

ገና ሲቃረብ ታከለ ቤቱ ድረስ መጣ። «ጋሼ ዋሴ፣ ታቾቹን የምገጥምበት ዱላ ሥራልኝ። እስከ መቼ በውሰት?»

ዋሴ የወይራ እንጨት በእሳት አሙቆ ጫፉን ሲያጎብጥ፣ እሳቱ በዝቶ መታጠፊያው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለማገዶ ይጥለው ነበር። አሁን ግን ስንጥቋን በጥላሸትና በቅቤ ሸፈናት። ታከለ ዱላውን ስሞ ተቀበለ።

በገና ዕለት ታከለ በዚያው ዱላ ሲጫወት ዋለ። አሁን ይሰበራል፣ አሁን ይሰበራል እያለ ዋሴ ቢጠብቅም ዱላው አልተሰበረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ለሁለት ነበሩ። ያን ጊዜ ከታቾቹ አንዱ የዋሴን ዱላ መትቶ ከእጁ አስፈነጠረው። ወዲያው ሩሩ ተንከባሎ ከዋሴ እግር ሥር ቆመ፤ ከፊቱ የሚከለክለው ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ያዝ!» ብሎ ታከለ ያንኑ ዱላ ወረወረለት።

ዋሴ ምን እንደያዘ ያውቃል። ግን ሰው ሁሉ ያየዋል። ባለ በሌለ ኃይሉ መታ፤ ዱላው ከመታጠፊያው ተቀነጠሰ። ታቾቹ ሩሩን ነጥቀው አሻገሩት፤ ዘፈኑንም ወዲያው አወጡለት፦

«ጠራቢ ነኝ ይላል ሞፈርና ቀንበር፣
ዱላው ተሰበረ ሩሩ ሳይሻገር።»

በገና ስድብ ጌታም አይቆጣም፤ ዋሴም ቻለው። ያልቻለው ታከለ ሲሟገትለት መስማቱን ነው። «የሰውየውን እጅ አትስደቡ! የከዳው እንጨቱ ነው!»

በማግሥቱ ስባሪውን ይዞ ታከለ ቤት ሄደ። «ስንጥቋን አይቻት ነበር። ቅቤ የቀባኋት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቀንቼብህ።»

ታከለ ስባሪውን ሲያገላብጥ ቆየ። «ሁለተኛ ያንተን ዱላ አልይዝም» አለና በሩን ዘጋ። አምስት ወር ሰላም አላለውም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ እርሻው ሲጣደፍ፣ ራሱ ታከለ መጣ። «ሞፈሬ ተሰበረ። ዓመቱን የምንበላው በእሱ ነው። ትሠራልኛለህ?»

ዋሴ እንከን ያየበትን ሦስት እንጨት ጥሎ አራተኛውን ጠረበ።

አርጅቶ ስለ ገና ሲጠይቁት፣ ስላሻገረው ሩር አያነሣም ነበር። «ፈንጣጣ ፊቴን ወሰደው» ይል ነበር፤ «ቅናት ደግሞ እጄን ሊወስደው ነበር። ታከለ ያን ሞፈር ሳያገላብጥ ተሸክሞት ወጣ። በዕድሜዬ ከሆነልኝ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።»