የቀዩ ከፈይ ቆብ ቀዳዳ

በሙዚየሙ የቆብ ክፍል የሚያስጎበኘው ሰውዬ ራሱ ቆብ አያደርግም። ጸጉሩን በቅባት ለጥፎ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቆማል። ከሁሉም የሚወደው አንድ ቀይ ከፈይ የሹመት ቆብ ነው፤ ሌባ ጣቱን በቀዳዳው እየሰደደ፣ «ጥይቷ የገባችው እዚህ ጋ ነው» ይላል። ከመነካካቱ ብዛት ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ከጥፍሩ ሥር ቀይ ክር አይጠፋም።

ትናንት ከጎብኚዎቹ መሀል አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው፣ «ኧረ ልጄ፣ ይሄ የአባቴ ቆብ ነው። ብል ነው የበላው፤ እሳቸው የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው» አሉት።

«እማማ፣ አልጋው ላይ የሞተ ሰው ቆብ ማን ሊያይ ይመጣል?» አላቸው በጆሯቸው።

እንባቸው መጣ። ታጥፎ የተዘጋጀ ነጭ መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸውና ወደ ጎብኚዎቹ ዞረ።

«የባለቆቡ ልጅ ናቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አያችሁ፣ ጥይቷ እሳቸውንም አልማረቻቸውም።»