ያልነበረው ስህተት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ለማታውቁኝ መናገሩ ቀለለኝ። በሰው ላይ ፈርጃለሁ፤ አውቄ፣ በሐሰት ፈርጃለሁ።

ሐያት የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። አባቷ በወደቡ ከተማችን፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ዘመዶቻቸው ከድንበሩ ማዶ ድሬዳዋ ናቸው። ከቀትር በኋላ ከተማው በሙቀት ሲተኛ፣ እናቷም ከሱቁ ጓዳ ጋደም ሲሉ፣ እኔና እሷ ባንኮኒው ላይ በየስልካችን የሎጂክና የሂሳብ ትምህርት በኢንተርኔት እንከታተል ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የምማረው እሷ አጠገብ ለመቀመጥ ነው። እሷ ግን ከልቧ ትማር ነበር። የምስክር ወረቀቱን ከማመልከቻዋ ጋር አያይዛ፣ ፈረንሳይ ሄዳ ሂሳብ ለማጥናት አስባለች። እኔ የክርስቲያን ልጅ፣ እሷ የሙስሊም፤ ልቤን ለማን ልንገር? እንዳትሄድ ብቻ እመኝ ነበር።

የመጨረሻውን ጽሑፍ የሚያርሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ያንዱ ሥራ ስሙ ተሰውሮ ለሌሎቹ ይደርሳል። ከደረሱኝ አንዱን ስከፍት እንዲህ ይላል፦ ጫት ሲዘገይ ከተማው ይቆጣል፤ ከተማው ተቆጣ ማለት ግን ጫት ዘገየ ማለት አይደለም። ይህን ምሳሌ ሐያት እዚያው ባንኮኒ ላይ እየሳቀች ነግራኝ ነበር። ጽሑፉ አንድም እንከን አልነበረበትም። ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐያት ለጥቂት ወደቀች። ክፋቴ እዚያ ላይ ባበቃ። በማግስቱ ስልኳን አቀበለችኝ።

«ሳሚ፣ የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው? እኔ ሊታየኝ አልቻለም፣ እስቲ አንተ አሳየኝ።»

አሳየኋት። የተማርነውን ቃል ሁሉ እየደረደርኩ፣ ከሌለበት ፈጥሬ ስህተት አሳየኋት። እሷም አመነችኝ።

«እኔኮ የገባኝ መስሎኝ ነበር» አለች በቀስታ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩን ለትምህርት አልከፈተችውም። ማመልከቻዋንም አልላከችም።

ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ አዲሱ ባቡር ገና ከተማችን ዳር ናጋድ ጣቢያ ሳይደርስ፣ የአጎቷን ሱቅ ልትይዝ በአውቶቡስ ድሬዳዋ ሄደች። እኔም እሷንም የነፍሴንም ሰላም ሳላገኝ ከሁለት ያጣሁ ሆንኩ።

ትናፍቀኛለች። ከቀትር በኋላ ሱቆቹ ሲዘጉ ትናፍቀኛለች። ከሁሉ ከሁሉ፣ አንድ ነገር ሲገባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሃ» የምትለው ነገር ይናፍቀኛል። ያንን «አሃ» የቀማኋት እኔ ነኝ። የቀማ ሰው መናፈቅ ይገባዋል?

ስለወደድኳት ነው ብል ውሸቴን ማሳመር ይሆናል። የወደዱትን ሰው በገዛ አእምሮው እንዲጠራጠር አያደርጉም። ይቅርታም አልለምናችሁም፤ ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ እንደበደልኳት አታውቅም። ዛሬም ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሂሳብ የማይገባኝ ሰው ነኝ ብላ የምታምን አንዲት ሴት አለች።

ሐያት፣ ትክክል ነበርሽ።