አመክሮ ለድንኳን ተካይ

ከየካ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሕግ የሚያውቅ ከእኔ በላይ አልተፈጠረም። ጠበቆች እንኳ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እርግጥ ሕጉን የተማርኩት ሾላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የሰው ወሬ በመስማት ነው፤ ግን ያ ሰልፍ ከዩኒቨርሲቲ ይረዝማል።

ከሰልፉ ከለቀምኳቸው ቃላት ሁሉ የምወደው «አመክሮ» ነው። እስረኛ ጠባዩን ካሳመረ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ ይፈታል። በቅጣት አገር እንዲህ ያለ ለስላሳ ቃል መኖሩ ይገርመኛል።

ቃሉ የጠቀመኝ መስሎኝ የነበረው እድራችን የቀጣኝ ጊዜ ነው። በእኛ እድር ከቀብር የቀረ አባል ለሦስት ወር በየለቅሶው ድንኳን ይተክላል። እኔ «አሞኛል» ብዬ ቀረሁ፤ ቀባሪዎቹ ሲመለሱ ሾላ ገበያ አጠገብ ቁርጥ ስበላ አገኙኝ።

የድንኳኑ ብረት ከእንጦጦ ተራራ ይከብዳል። ሰፈሩም እኔ ከተቀጣሁ ወዲህ መሞት አበዛ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ሁለተኛው ወር እንዳለቀ ስብሰባ ላይ ብድግ አልኩ።

«የተከበሩ ዳኛ፣ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሻለሁ። የቀረው በአመክሮ ይታይልኝ።»

የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ማካፈሉስ ልክ ነው። አመክሮ ግን ጠባይ ታይቶ ነው የሚሰጠው። ማን ይመስክርልህ?»

«ሰፈሩ በሙሉ ነዋ፣ ጋሼ!»

«እንግዲያው ጠባዩ ተሻሽሏል የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

ሁሉም እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። አጠገቤ የተቀመጠውን ጎረቤቴን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። «አንተ፣ አውጣ እንጂ!»

«ወንድሜ፣ ከማክሰኞው ቀብር እኔም ቀርቻለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። «አንተ ከተፈታህ ብረቱን ብቻዬን ልሸከም ነው?»

ከሴቶቹ በኩል አንድ እጅ ብቅ አለ። የባለቤቴ! ደረቴን ነፋሁ።

«መስክሪ፣ ልጄ» አሉ ዳኛው።

«ኧረ ለምስክርነት አይደለም» አለች። «ሦስት ወሩ ሲያልቅ ይጨመርለት እንደሆን ልጠይቅ ብዬ ነው። እሱ ድንኳን መትከል ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ሰላም ሆኗል።»

ሳቁ የካ ተራራ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። አመክሮውን ተከለከልኩ፤ ሦስተኛውንም ወር ብረት ተሸክሜ ጨረስኩ። ጠባዩ ተሻሽሏል ብሎ እጁን ያወጣልኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም የራሴን ለማውጣት አፍሬ ነበር።