ባሌ ያበሰለው የእረኛ ምግብ

ጣልያን ሮቢት ወንዝ ዳር ድንኳኑን ተክሎ መንገድ መሥራት ሲጀምር፣ ባሌ የካምፑ ወጥ ቤት ተቀጠረ። እኔን «ወጥ ሠሪ ሆንኩ» አለኝ። ሥራው ድንች መላጥና ድስት ማጠብ መሆኑን የሰማሁት ከጎረቤት ነው፤ ማዕረጉን ልቀንስበት አልፈለግኩም። ሰውዬው ግን ሁለት ወር ሳይሞላው የእኔ አስተማሪ ሆኖ አረፈው። ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ ይቆምና «እነሱ እንዲህ አይደለም የሚይዙት» ይለኛል። ምስር ወጤን ይቀምስና «እነሱ ቢሆኑ ዘይቱን ጨመር ያደርጉበት ነበር» ይላል። ዘይቱን የሚገዛው እሱ መሆኑን ረስቶታል።

አባቴ ደግሞ አማቻቸው ለጣልያን ድስት እንደሚያጥብ የሰሙ ዕለት ቤታችንን መርገጥ ተዉ። የወንድማቸው ልጅ ጫካ ገብቶ ጣልያንን ይዋጋል፤ የልጃቸው ባል የጣልያንን ጭልፋ ይፈትጋል። ገበያ ላይ ሲገናኙ ባሌ ጎንበስ ብሎ «አሰላሙ አለይኩም» ይላቸዋል። እሳቸው ወደ አህያቸው ዞረው ጆሮዋን እያሻሹ «ወአለይኩም ሰላም» ይላሉ። አህያዋ ከባሌ ይልቅ ተከበረች።

እንዲህ እያለን የመጀመሪያ ልጄን አረገዝኩ። ሆዴ ሲገፋ የአባቴ ልብ ትንሽ ራራ መሰለኝ፣ «አርብ ከጁምዓ በኋላ ልጄን ልያት እመጣለሁ» ብለው ላኩብኝ። መልእክቱ ውስጥ ባሌ አልነበረበትም። እሱ ግን ደስታውን አልቻለውም።

«በቃ፣ እኔ ነኝ የማበስልላቸው» አለ።

«ምን ልታበላቸው ነው?»

«የእረኛ ምግብ።»

«ቆሎ?»

ትክ ብሎ አየኝና በትዕግሥት አስረዳኝ። የካምፑ ዋና ወጥ ሠሪ፣ አንድ ቦርጫም ጣልያን፣ ድሮ መርከብ ላይ ሲሠራ ከእንግሊዞች የተማረው ነው። ከታች የተከተፈ የበግ ሥጋ፣ ከላይ ተቀቅሎ የተደቆሰ ድንች፣ ከዚያ እሳት። ጣልያኑ የእንግሊዞቹ ስላልጣመው የአገሩን ዘይት፣ ቲማቲም፣ የወይራ ፍሬና ፎርማጆ የሚሉትን አይብ ጨምሮ የራሱ አደረገው። የሰው አገር መውሰድ ያልከበደው የሰው ወጥ መውሰድ ምን ይከብደዋል አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ዕለት ባሌ ጉዱን ሁሉ ተሸክሞ መጣ። ድንቹ ከጣርማ በር በካሚዮን የወረደ ነው። ከሥሩ አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ አንድ ቆርቆሮ የቲማቲም ሳልሳ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎርማጆና አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ፍሬ አለ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ተሰጠኝ» አለ ጣራውን እያየ።

«ይኼ ጥቁሩስ ምንድነው?»

«ወይራ።»

«ወይራማ የወተት ዕቃ የምናጥንበት እንጨት ነው። ፍሬውን ማን ይበላዋል?»

«ፈረንጅ ይበላዋል።»

አንዱን ቀመስኩት። በዚያ ሰሞን አፈር ሁሉ ያምረኝ ነበር፤ እሱን ግን ተፋሁት።

በመጨረሻ ከጆንያው ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ትሪ አወጣና «ይኸው መጋገሪያው» አለኝ።

«ካምፕ ውስጥ ምን ይጋገርበት ነበር?»

ትሪውን በእጅጌው ያብስ ጀመር።

«አሳማ?»

«ታጥቧል! ያጠብኩት እኔ ራሴ ነኝ» አለ፤ በሥራው የኮራ ሰው አነጋገር ነው።

አስተግፊሩላህ ብዬ ትሪውን በእንጨት ጎትቼ ወደ ውጭ ጣልኩት። የራሴን ሰፊ የሸክላ ድስት ከነክዳኑ አወጣሁለት። እኛ ዳቦ ስንጋግር ከታችም ከላይም እሳት እናደርግ የለም? የእንግሊዝም ወጥ ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አርብ ጠዋት ባሌ ጠቦቱን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ይኼን እንኳ ከእነሱ አልተማረውም። ከዚያ በሁለት ቢላ ሥጋውን ይከትፍ ጀመር። የሮቢት ሙቀት ያለ ምድጃም ሰው ያበስላል፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፣ እኔ «ጨው አትጨምርበት፣ ላብህ ይበቃዋል» እለዋለሁ። ለእኔ የተሰጠኝ ድንቹን በሙቀጫ መውቀጥ ነበር። ወቅጬ ወቅጬ ሳየው ለግድግዳ የሚመረግ ጭቃ መስሎ ዘነዘናው ላይ ተጣበቀ።

«እንዲህ ነው የሚሆነው?» አልኩት።

«እንዲህ ነው» አለኝ። ዓይኑ ግን ያንን አላለም።

ሥጋው በዘይት፣ በሽንኩርትና በሳልሳ ሲንጨረጨር፣ እውነት ለመናገር ሽታው ደስ ይል ነበር። ግን ነጭ ነው፣ ማለቴ ቅመም የለውም። አባቴ በርበሬ የሌለው ነገር የሚበሉት ሲታመሙ ብቻ ነው። ባሌ ፍም ሊያመጣ ሲወጣ ሁለት ማንኪያ ሙሉ በርበሬ አማስዬበት ወይራውን ከላይ በተንኩበት። ሲመለስ ድንቹን አልብሰን፣ ፎርማጆውን ፈርፍረን፣ ክዳኑን ከድነን ፍሙን ከላይ ከመርንበት።

አባቴ መጡ። ግንባሬን ሳሙኝ፣ ሆዴን አይተው ዱዓ አደረጉልኝ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ጫፍ ላይ፣ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጡ። ባሌ ድስቱን አቅርቦ ክዳኑን ሲያነሳ ላዩ ቡናማ ሆኖ፣ ጠርዙ ላይ ዘይቱ ይፈላ ነበር።

«ምንድነው ይኼ?» አሉ፤ ወደ እኔ።

«የእረኛ ምግብ ነው አባቴ» አለ ባሌ።

«እኔ ስንት ዘመን በግ ጠበቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር በጉያው ይዞ የወጣ እረኛ አላየሁም» አሉ፤ አሁንም ወደ እኔ። ቀጠሉና «ማነው ያረደው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«በማን ቢላ?»

«በቤታችን ቢላ፣ ወላሂ!»

«ድስቱስ?»

«ድስቱ የእኔ ነው፣ አባ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

በመስኮት ቢያዩ የካምፑ ትሪ ግቢ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ ደግነቱ አላዩም። ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። አላመጡ። በርበሬውን ሲያገኙት ፊታቸው ፈታ አለ፤ ባሌም በርበሬውን አገኘውና ፊቱ ተቋጠረ። ወይራው ላይ ሲደርሱ ፍሬውን ከአፋቸው አውጥተው፣ አገላብጠው አይተው፣ ከሳህኑ ዳር አስቀመጡት። ግን ደግመው ጎረሱ።

ሦስተኛውን ሳይጎርሱ በሩ ተንኳኳና ቦርጫሙ ጣልያን ብቅ አለ። የጠፋበትን የወይራ ቆርቆሮ ፍለጋ ነው የመጣው፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ድስቱ ላይ አረፈ። ባሌ ተነሥቶ ቆመ። እኔ ሁላችንንም አስረው የሚወስዱን መስሎኝ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

አባቴ ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ቀና ብለው አዩትና «እንግዳ ነው፣ ይቀመጥ» አሉ።

የገዛ መንግሥቱ ከእኛ ጋር አንድ ማዕድ እንዳይቀርብ ከልክሎታል። ሰውዬው ወደ ውጭ ግራና ቀኝ አየ፣ በሩን ዘጋ፣ ተቀመጠ። ሕግ አክባሪነት ማለት ይኼ ነው። ጎረሰ። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አንድ ቅል ውኃ ጨልጦ እንደገና ጎረሰ። አባቴ ከሳህኑ ዳር እየለቀሙ የከመሩትን ወይራ በጣታቸው ወደ እሱ ገፉለት፤ አንድ በአንድ በላው። ሲጨርስ አፉን ጠረገ፣ ቆርቆሮውን ከነትራፊው፣ ጠርሙሱን ከነጭላጩ አንሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ባሌን «ሌባ!» ብሎ ከካምፕ አባረረው። አገር ሙሉ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ስለ አንድ ቆርቆሮ ወይራ ሌባ አሉት። ባሌ ማታ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበርና አልሳቅሁም፤ ባላየኝ ጊዜ ነው የሳቅሁት። ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ልጅ ሊመጣ ነው፣ ቤት ውስጥ ያለው ማሽላ ግማሽ ጆንያ ነው።

ወሬው አባቴ ዘንድ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። እሑድ ጠዋት ሳንጠራቸው መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው፣ ባሌን ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ «ማሳዬ አልታረሰም። ነገ በሬዎቹን ጠምደህ ቆየኝ» አሉት።

«እሺ፣ አባቴ» አለ።

ያን ክረምት ባሌ ቀወት፣ አባቴ ማሳ ላይ ከረመ። የማይረባ ገበሬ ነበር። ትልሙ ይጣመማል፣ በሬዎቹ አይሰሙትም፣ ማሽላው ሲያፈራ ወፍ እንዲጠብቅ ማማ ላይ ሰቅለውት እንቅልፍ ይወስደዋል። አባቴ ይናደዳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ቀትር ላይ ግን ምሳቸውን ከእሱ ጋር ካልሆነ አይበሉም። ልጄ ተወልዶ በሰባተኛው ቀን አባቴ ጠቦት ይዘው መጡና ለባሌ ሰጡት። ባሌ አረደው፤ ወጡን እኔ ሠራሁት። ድንች የሚል ሰው አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ካምፕ ሳለ በኪሱ ይዞልኝ ይመጣ የነበረው ስኳር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ብዙ ጊዜ ናፍቆኛል።