የሰፋሁላት የላስቲክ ልብስ

ያን ቀን በረዶ ይወርድ ነበር። የቴኳንዶ ማሠልጠኛው አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ አሠልጣኙ ቢጮህም አይሰማም፤ ሕፃናቱ የሚራገጡት እጁን እያዩ ነው። የስፖርተኞቹን ነጭ ልብስ ልጠግን ስሄድ፣ ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ልጄንም ይዣት ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርት ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ጥግ ይዛ ስታያቸው ቆየችና እሷም ዘላ ተራገጠች። አሠልጣኙ ሳቀ።

«ይቺን ፌንጣ ከየት አመጣሻት?»

በዚያው ፌንጣ ሆና ቀረች። ቴኳንዶ ከምግብም ከእንቅልፍም በለጠባት።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ አገሩን ሁሉ አሸንፋ፣ ውጭ ሄዳ እንድትወዳደር ተመረጠች። ምድቧ ከአርባ ዘጠኝ ኪሎ በታች ነው። ቁመቷ ግን አላቆመም፤ ቀሚሷን በየጊዜው እየፈታሁ የማስረዝመው እኔ ነኝና አውቃለሁ። አሠልጣኙ ቤት ድረስ መጣ።

«ሦስት ኪሎ ተኩል መቀነስ አለባት። ላብ የሚያወጣ የላስቲክ ልብስ ስፊላት። አንገቱንና እጅጌውን አጥብቂው።»

«ጋሼ፣ ልጅቷ እያደገች እኮ ነው። ከፍ ያለው ኪሎ ውስጥ አትገባም?»

«እዚያ ሌላ ልጅ አለች። ወይ በዚህ ትሄዳለች፣ ወይ ትቀራለች።»

ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሰፋሁላት። ከዝናብ ልብስ ነው፤ አየር እንዳያስገባ ስፌቱን ደረብኩት።

ያንን ለብሳ በቀትር ፀሐይ ትሮጣለች። ስታወልቀው ላቡ ከእጅጌው ይንቆረቆራል። ውሃ በጠርሙስ ክዳን ለክታ ትጉመጠመጥና መልሳ ትተፋዋለች። ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቁሮ አየሁ፤ ልብሱን ግን አጥቤ ለነገ አሰጣሁላት።

«እማ፣ ፀጉሬን ብላጨው ስንት ግራም እቀንሳለሁ?»

«ምላስሽን ቁረጪው። የሚከብደው እሱ ነው።»

ስትስቅ ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

በሄደች በሦስተኛው ቀን ደወለች። «ሚዛኑን አለፍኩ እማ! አርባ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ!» ድምፅዋ የአሮጊት ሆኗል።

«በይ አሁን ውሃ ጠጪ።»

«እጠጣለሁ፤ ሆዴ ውስጥ አልረጋልኝ አለ እንጂ።»

የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፈች። በሁለተኛው፣ ማንም ሳይነካት ምንጣፉ ላይ ወደቀች። አሠልጣኙ ደውሎ «ሙቀቱ ነው» አለኝ። ሐኪሞቹ ኩላሊቷ ነው አሉ። ለእኔ የታየኝ የደረብኩት ስፌት ነው።

አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት እወስዳታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሕፃናት ታሠለጥናለች።