የድንጋይ ካባው ብረት

ብረት በመዶሻ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር፣ ዛሬም ቢሆን፣ የጀመርኩትን ወሬ አቋርጬ ጆሮዬን አቀናለሁ። ያደግሁት ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር፣ ከድንጋይ ካባው በታች ነው፤ አባዬም እዚያው ካባ ውስጥ ድንጋይ ፈላጭ ነበር።

ክረምት ክረምት ካባው ውሃ ስለሚሞላ ሥራ ይቆም ነበር። አባዬ ቤት እየዋለ የሚያፈስ ጣሪያ ሲደፍን፣ አጥር ሲጠግን፣ ከእማዬ ጋር በሆነ ባልሆነው ሲነታረክ ይከርም ነበር። ገበታችን ይሳሳል፤ የእማዬ ፊት ግን ይፈካ ነበር። በዚያ ችግር ላይ ምን እንደሚያስቃት አይገባኝም ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ድማሚቱ ይጀምራል። ፊሽካ ይነፋል፣ መሬቱ ይርገደገዳል፣ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ ፈላጮቹ ባህር ዛፍ ላይ ወደተንጠለጠለው የሐዲድ ቁራጭ ተራ በተራ እየሄዱ፣ እያንዳንዱ በራሱ አመታት ይመታው ነበር፤ ታች ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሰውን ደኅንነት የሚያውቀው በዚያ ነው። የአባዬ ሁለት ፈጠን ያሉ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ አንድ ጠንከር ያለ ነበር። ያ የመጨረሻው እስኪሰማ እማዬ በእጇ ያለውን እንደያዘች ትቆምና፣ ሲሰማ «እሰይ» ብላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራዋን ትቀጥል ነበር።

አንድ የካቲት፣ በማርያም ቀን፣ እማዬ እንደ ልማዷ እንጦጦ ማርያም ልትሳለም ስትል እኔን ትኩሳት ያዘኝና ቀረች። ድማሚቱ ፈነዳ። የሁሉም ምት ተራ በተራ ተሰማ፤ የአባዬ ቀረ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው «ትንሽ ታገሺ እንጂ፣ መዶሻው ተሰብሮበት ይሆናል» ቢሏትም፣ እማዬ እኔን አዝላ ዳገቱን ተያያዘችው። ጉንጬን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ ልቧ ሲደልቅ እሰማ ነበር። አባዬ ሞቷል ብዬ ደምድሜ ነበር።

ስንደርስ አባዬ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ምነው አልመታህም?» አለችው፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።

«ዛሬ ማርያም አይደል እንዴ? ቤተ ክርስቲያን ነሽ ብዬ ነዋ። ለማን ልምታ?»

እማዬ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ደግሞ ሳቋ መጣ። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ። ኖርኩም አልኖርኩም ምታ» አለችው። ወዲያው ተነስቶ መታ። ታች ሰፈር ያሉት ሰዎች ግራ ሳይጋቡ አልቀሩም።

ካባው ከተዘጋ ቆይቷል። ጉድጓዱ ዛሬ ኩሬ ሆኖ፣ ዙሪያው መናፈሻ ተሠርቶለት፣ ሰው ቅዳሜና እሁድ ፎቶ ሊነሳ ይመጣል፤ ያ ብረትም ከነመዶሻው እንደ ቅርስ ተሰቅሏል። ባለፈው እሁድ አባዬን ይዤው ሄድኩ፤ እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ጉርድ ሾላ ቤታቸው ቀረች። ብረቱን መምታት የሚፈልጉ ልጆች ተሰልፈው ስለነበር አባዬም ከኋላቸው ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ አስጎብኚው ወጣት «አባባ፣ ይሞክሩት» ብሎ መዶሻውን ሰጠው። ሁለት ፈጠን አድርጎ፣ ቆየት ብሎ አንድ ጠንከር አድርጎ መታ።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ጉርድ ሾላ ናት፤ አትሰማህም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን ምታ ተብያለሁ» አለኝ።

ያኔ ያን ድምፅ የምጠብቀው ትንፋሼን ውጬ ነበር፤ አሁን መቺው አጠገቤ ቆሞ መዶሻውን ለሚቀጥለው ልጅ ያቀብላል። ስልኬን አውጥቼ እማዬ ጋ ደወልኩና «መታ» አልኳት።

«እሰይ» አለችና ዘጋችው።