ሳይወርድ የቀረው ፈረሰኛ

እንጅባራ ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ሞልቷል። ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚመልስ ዕቃ በገዛ እጁ የሚሠራ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ጉራ ነው የሚለኝ ይበል። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ ምስጋናውን የማካፍለውም የለኝም።

የልጅነት ጓደኛዬና ጎረቤቴ ፈረሰኛ ነበር። በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ ከጥሊሊ ገበያ ሲመለስ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። የቱ ጋ እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ፈረሱ የአስፋልቱን ዳር ይዞ፣ ሚኒባሱንና ባጃጁን ሁሉ እያሳለፈ፣ በጉም ውስጥ ደጁ ድረስ አመጣው። ሰውየው ወደ ፊት ደፋ ብሎ ጣቶቹን ጋማው ውስጥ እንደከተተ ነበር። ሚስቱ «እንኳን ደህና ገባህ» ብላ እጁን ስትይዘው ነው መቀዝቀዙን ያወቀችው።

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ እንደተጫነ፣ የሟች ልብስ ተደርቦለት በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። ስለዚህ ኮርቻው ከፈረሱ አለመውረዱን መጀመሪያ ማንም ነገሬ አላለውም፤ እንዲያውም ለለቅሶው ደህና ሆነ ተባለ። ፈረሱም የሟች ልብስ ተደርቦለት ሜዳውን ዞረ። ለቅሶው ሲያልቅ ግን ተመልሶ ደጁ ላይ ቆመ፤ ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሰው ሲወርድለት እንደሚቆመው አድርጎ። ሳር ከሟች ሚስት እጅ ይበላል፣ ውኃም ይጠጣል። እጇ ወደ ኮርቻው ጠፍር ሲጠጋ ግን ጆሮውን ያጋድምና ይራገጣል። ካፊያው ሌት ተቀን ሲወርድበት ከረመ፤ ከኮርቻው ሥር ያለው ገላ መሽተት ጀመረ።

ሴትዮዋ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሱቄ ገባች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በሩ ላይ ቆመች።

«አያ፣ ሲወርድ የሚላት ቃል ነበረችው» አለችኝ።

«ምን ቃል?»

«ለፈረሱ ነዋ! ጆሮው ሥር ሳይላት አይወርድም ነበር። ፈረሱም እሷን ሳይሰማ ከቦታው አይነቃነቅም። አሁንም እሷን ነው የሚጠብቅ።»

«አንቺ አታውቂያትም?»

«ለእኔ መቼ በጆሮዬ ነግሮኝ ያውቃል!» አለች። ልትስቅ ነበር፤ አልሆነላትም። የሟች ወንድም፣ ኮርቻው እስከ እሁድ ካልወረደ ፈረሱን በጥይት እንደሚያሳርፈው ተናግሯል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁስሉን አይቶ ነው።

ልጃቸው በጥር የፈረሰኞች በዓል ዕለት አባቷን ከፈረስ ሲወርድ በስልክ ቀርጻው ነበር። እናትየዋ ሜሞሪ ካርዱን ይዛልኝ መጥታለች። በእሷም በእኔም ስልክ ሰማነው። ኮቴው አለ፣ እልልታው አለ። ከዚያ ሰውየው ወደ ፈረሱ ጆሮ ጎንበስ ይላል፤ እዚያ ላይ ሽሽሽ ብቻ ነው። ድምፁን ስንጨምረው ሽሽታው ጨመረ።

«ቃሏ እዚያ ውስጥ አለች» አልኳት። «ስልኮቹ ናቸው የዋጧት። እኔ አወጣታለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ የሚመልሱት በመሰላል መልክ የተበየዱ ሬዚስተሮች፣ ኤሌክትሪክን በልክ የሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። ቁጥሩ አንድ ባደገ ቁጥር ቮልቴጁም እኩል አንድ እርከን መውጣት አለበት፤ አንዱ እርከን ከሌላው ከበለጠ ወይም ካነሰ ድምፁ ይጣመማል። ጩኸት ብዙ እርከን ስለሚወጣና ስለሚወርድ አንድ የተጣመመ እርከን አይታወቅበትም። ሹክሹክታ ግን ከመሰላሉ መሃል ፈቀቅ አይልም። ክፋቱ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የያዘው ሬዚስተር ሥራ የሚገባውና ትንንሾቹ ሁሉ ባንዴ ከሥራ የሚወጡት እዚያው መሃል ላይ ነው። እዚያ ላይ እርከኑ ከተዛባ ሹክሹክታው ይቀበራል። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ዕቃው ደግሞ ከክብሪት ቀፎ መብለጥ አልነበረበትም፤ ፈረሱ ጆሮው አጠገብ ትልቅ ነገር ካየ ይደነብራል። ያሉኝን ሬዚስተሮች በኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሬ አንድ በአንድ እየለካሁ እኩዮቹን መረጥኩ። ለትልቁ የሚሆን ስላጣሁ ከአሮጌ ሬዲዮ ነቀልኩ፤ ልኩ ልክ ነበር። የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አጠገቤ አንድጄ ስበይድ ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች።

«ደግሞ ለፈረስ ሬዲዮ ጀመርክ?»

«የፈረስ ይከብዳል» አልኳት። «ሰው ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ከራሱ ይሞላል። ፈረስ አይሞላም።»

«አንተስ መቼ ሰምተህ ታውቃለህ? ሁሉንም ከራስህ ነው የምትሞላው» ብላኝ ወጣች።

በማግስቱ ጨረስኩት። ባትሪውን ሳገናኝ ኮቴው መጣ፣ እልልታው መጣ፣ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። በጸጥታው ውስጥ አንድ ሰው ተነፈሰ። ትንፋሹ ከዕቃው የወጣ አልመሰለኝም፤ ከትከሻዬ ኋላ ነበር የመጣው። ከዚያ ቃሏን አላት፣ በአገውኛ፣ ቀስ ብሎ። እዚህ አልጽፋትም፤ የፈረሱ ናት።

ባለቤቴ መጋረጃውን ገልጣ አንገቷን አስገባች። «እንግዳ አለህ እንዴ? ምሳውን ለሁለት ላድርገው?»

«ማንም የለም።»

ሱቁን ዙሪያውን አየችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው።

ቅዳሜ ከሰዓት ደጃቸው ሄድኩ። ጉሙ አጥሩን ውጦታል፤ ፈረሱ ከነኮርቻው ከጉሙ ውስጥ የተቀረጸ መስሎ ቆሟል። የሟች ወንድም ጠመንጃውን አንግቶ አጥሩ ጋ ነበር። ዕቃውን ለሴትዮዋ ሰጠኋት፤ ወደ ፈረሱ አንገት አስጠጋችው። ኮቴው ተሰማ። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ቃሏ ጋ ሲደርስ ሽሽሽ አለ። ፈረሱ ጆሮውን አጋደመ።

«ይኸው ነው?» አለ ወንድምየው።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ጥሎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። የለካሁት ከከሰሉ አጠገብ ነው፤ ከአሮጌው ሬዲዮ የነቀልኩት ሬዚስተር በብርዱ ከጓደኞቹ የተለየ ጠባይ አምጥቷል። የመሃሉ እርከን ተሰብሯል።

«ደረትሽ ውስጥ ክተቺው» አልኳት። «ሰውነትሽ ያሙቀው።»

ከነጠላዋ ሥር ወሸቀችው። ማብሪያውን አውራ ጣቷ ሥር አደረግኩላትና እስኪሞቅ ጠበቅን። ካፊያው ኮርቻው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከዚያ ተጠግታ ደረቷን አንገቱ ላይ አሳረፈች፤ አበራችው።

ኮቴው መጣ። በካርዱ ውስጥ ያለው ፈረስ በአፍንጫው የሚነፋበት ቦታ አለ፤ የደጁ ፈረስ ቀድሞት ነፋ። እልልታው አለፈ። ጸጥ አለ። ከሴትዮዋ ደረት የወንድ ትንፋሽ ወጣ። ከዚያ ቃሏ።

ፈረሱ ከአናቱ እስከ ጭራው ተንቀጠቀጠ። ወገቡ ትንሽ ዝቅ አለና መልሶ ቀና አለ፤ የግራው እርካብ ብቻውን ተወዛወዘ። ስለተንቀጠቀጠ ነው። ሴትዮዋ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ መንገድ ለቀቀች። ወንድምየው ባርኔጣውን አወለቀ።

ጠፍሩን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ አልተራገጠም። ኮርቻው ሲነሳ ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ጭቃው ላይ ተኛ። ወንድምየው ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቁስሉን የሚያጥብበት ውኃ ሊያመጣ ሮጠ።

«ወረደ» አለች ሴትዮዋ። ዕቃውንም ከደረቷ አላወጣችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፤ እስከዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ነው።

ኮርቻውን ተሸክሜ ወደ ጋጣው ስገባ እጄ ከላይ፣ ሰው የሚቀመጥበት ላይ አረፈ። ዝናቡ ሲያበሰብሰው የከረመ ቆዳ ነው፤ ጠርዙ ሁሉ ይንጠባጠባል። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ግን ደርቆ፣ ሞቆ ነበር።

ሜትሬ ሙቀትም ይለካል። ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።